ሌላው እንዲማርበት

የጠያቂያችን ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ብስኩትና ፓስታ በሚያመርት የግል ፋብሪካ የሰው ሀብትና ሥልጠና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሦስት መቶ ያህል ሠራተኞች አሉን። ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ አራት ሥልጠና አዘጋጅቻለሁ፤ ካይዘን፣ የቡድን ሥራ፣ የደንበኛ አያያዝ፣ በመጨረሻም ‹የአስተሳሰብ ለውጥ›። ሁሉም ይገባል፣ ይፈርማል፣ ምሳውን በልቶ ሰርተፊኬቱን ይዞ ይወጣል። በማግስቱ ሥራው እንደነበረ ነው። ዘንድሮ ማሸጊያው የላላ ብስኩት ሦስት ጊዜ ከገበያ ተመልሶብናል። ሦስቱም ጊዜ ከዚያው ከሁለተኛው ላይን (የምርት መስመር) የወጣ ነው። ሰኞ ሰኞ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ‹አስተያየት ያለው?› ይላሉ፤ ትንፍሽ የሚል የለም። ከስብሰባ ወጥተን ክበብ ስንገባ ግን ወሬው አያባራም። ሥራ አስኪያጁ ጎበዝ መሐንዲስ ናቸው፣ ክፉ ሰውም አይደሉም። በቀደም በሁለተኛው ላይን የሙቀት መቆጣጠሪያ ላይ የተለጠፈች ቁራጭ ፕላስተር አይቼ ምን እንደሆነች ብጠይቅ ሁሉም ‹እኔ አላውቅም› አሉኝ። አምና አንድ የሌሊት ፈረቃ ኦፕሬተር ማሽኑን ሳያስፈቅድ አርባ ደቂቃ በማቆሙ፣ ሌላው እንዲማርበት በሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና የደመወዝ ቅጣት ተሰጥቶት፣ ደብዳቤው በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሥነ ሥርዓት ችግር ቀንሷል፣ የብልሽት መዝገባችንም ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የመዝገቡን ፎቶ አያይዤልዎታለሁ። ታዲያ ችግሩ የት ነው? ሠራተኛው መማር አይፈልግም ወይስ አሠልጣኞቹ ደካሞች ናቸው? በጀት ተይዟል፤ ምን ዓይነት ሥልጠና ላምጣ?»

እህቴ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ጊዜ ጥያቄዎን ተከትዬ በሐሳቤ አሠልጣኝ ፍለጋ ሄጄ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ መጨረሻ አካባቢ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት ሐረግ ላይ ተተከለ፤ «ሌላው እንዲማርበት» የምትለው ላይ።

ሌላውማ ተምሮበታል! እርስዎ አራት ሥልጠና ሰጠሁ ይላሉ፤ እኔ ስቆጥረው አምስት ነው፤ ፍሬ ያፈራውም አምስተኛው ብቻ ነው። አዳራሽ አልተከራያችሁለትም፣ አበል አልከፈላችሁለትም፣ አንድ ወረቀት ሰሌዳ ላይ ለጠፋችሁ፣ ሦስት መቶ ሰው ወደ ሥራ ሲገባ ቆሞ አነበበ። ትምህርቱም ግልጽ ነው፤ ማሽን ሲያነክስ ካየህ አላየሁም በል። ብታቆመው የምትቀጣው አንተ ነህ፤ ባታቆመው ግን ጥፋቱ የፈረቃው ሁሉ ስለሚሆን የሚቀጣ ሰው አይገኝም። የእርስዎ ሠራተኞች ይህን በአንድ ቀን ገብቷቸው እስከ ዛሬ አልረሱትም። እንዲህ ያሉ ፈጣን ተማሪዎች ይዘው «መማር አይፈልጉም ወይ?» ብለው መጠየቅዎ ትንሽ አስፈገገኝ፤ አይቀየሙኝ።

ደብዳቤዎ ላይ የጎደለ አንድ ነገር አለ። አርባ ደቂቃውን በትክክል ነግረውኛል። ልጁ ማሽኑን ለምን እንዳቆመው ግን አልነገሩኝም። ረስተውት ይሆናል፤ ወይም ያኔ የጠየቀ ሰው አልነበረም ይሆናል። ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ። የብስኩት ማሸጊያ ማሽን ፕላስቲኩን በሙቀት ነው የሚያጣብቀው። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስፌቱ ይላላል፣ ሲግል ደግሞ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። መብራት ሲዋዥቅ ወይም አዲስ የመጣው ጥቅል ፕላስቲክ ከቀድሞው ወፈር ሲል መቆጣጠሪያው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ መደረግ አለበት። ስፌቱ ከላላ እርጥበት ይገባና ብስኩቱ ሱቅ ሳይደርስ ይለሰልሳል። ከገበያ የተመለሰባችሁ የላላ ማሸጊያ ነው፤ የሁለተኛው ላይን ነው። ፕላስተሯ የተለጠፈችውም በሁለተኛው ላይን የሙቀት መቆጣጠሪያ ላይ ነው። በእርግጠኝነት እንዲህ ነው አልልም፤ እኔ ሩቅ ነኝ፣ እርስዎ ቅርብ ነዎት። ግን እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ፕላስተሯ «መብራት ሲያስቸግር እዚህ ድረስ አዙረው» የምትል የሌሊት ፈረቃ ማስታወሻ ናት ብዬ ነበር የምጠረጥር። አንዱ በራሱ ምርምር የደረሰበትን እውቀት ለጓደኛው ያስተላለፈባት ናት። እርስዎ አራት ጊዜ ከውጭ ሰው ጠርተው ያላገኙት የልምድ ልውውጥ በፕላስተር እየተካሄደ ነው፤ በድብቅ፤ ለቀን ፈረቃውም ሳይደርስ።

«ሠራተኛው ነው ችግሩ?» ለሚለው ጥያቄዎ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ልንገርዎ፤ ታሪኩ ስለ ፋብሪካ ስለሆነ ይመችዎታል።

ጄኔራል ሞተርስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሪሞንት በምትባል ከተማ መኪና መገጣጠሚያ ነበረው። በኩባንያው ውስጥ ስሙ የከፋ ፋብሪካ ነበር። ከሥራ መቅረት እስከ 20 በመቶ ይደርስ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት መስመሩን ለማስነሳት ሰው የሚጠፋበት ጊዜም ነበር። ሥራ ሰዓት ላይ ይጠጣ ነበር፣ በሠራተኛ ማኅበሩና በአለቆቹ መካከል የክስ ክምር ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ደንብ ነበር፤ መስመሩ አይቆምም። ብሎኑ ሳይጠብቅ ቢያልፍ፣ በሩ ቢጣመም፣ መኪናው ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ ሌላ ሰው ይጠግነዋል፤ አንዳንዱንም ማንም አይጠግነውም። በ1982 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ተስፋ ቆርጦ ዘጋው።

በ1984 ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ በሽርክና ኑሚ በሚል ስም ያንኑ ፋብሪካ ከፈቱት። የተቀጠሩትስ እነማን ነበሩ? አብዛኞቹ እነዚያው፤ ያው ማኅበር፣ ያው ቀሪ፣ ያው ጠጪ። በመቶዎች የሚቆጠሩት በቡድን በቡድን ጃፓን ተልከው ከቶዮታ ሠራተኞች ጎን ቆመው ሠሩ። እዚያ ያዩት ዋናው ነገር አንድ ገመድ ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከራሱ በላይ የተንጠለጠለች ገመድ አለችው። ችግር ሲያይ ይስባታል፤ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው እየሮጠ ይመጣል። የሚመጣው ሊረዳ ነው። መኪናው ከሠራተኛው ክልል ሳይወጣ ከተስተካከለ መስመሩ ይቀጥላል፤ ካልተስተካከለ ይቆማል። ማቆም መብት ብቻ ሳይሆን የሥራው አካል ነበር። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከዚያ ፋብሪካ የሚወጣው መኪና በጥራት ከጃፓኑ ጋር የሚወዳደር ሆነ፤ መቅረትም ወደ ጥቂት በመቶ ወረደ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። የተለወጠው፣ አንድ ሰው እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ቀጥሎ የሚደርስበት ነገር ነው።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል እርስዎን ይበልጥ ይመለከታል። ጄኔራል ሞተርስ ይህን ሁሉ በቅርብ እያየ፣ መምህሩን ቤቱ አስቀምጦ፣ ትምህርቱን ወደ ሌሎቹ ፋብሪካዎቹ ለማዛመት ብዙ ዓመት ፈጀበት። ኃላፊዎች እየተላኩ አዩ፣ አጠኑ፣ ተመለሱ። ገመዱንም በየፋብሪካው ሰቀሉት። ግን አንዳንዱ ቦታ ገመዱን የሳበ ሠራተኛ የሚጠብቀው ያው የድሮው ቁጣ ነበር፤ ስለዚህ የሚስበው ጠፋ። ኩባንያው በ2009 ለኪሳራ ከለላ ፍርድ ቤት ቀረበ (ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም በገመድ አላሳብብም)፤ ኑሚም በ2010 ተዘጋ።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሥራ ቦታ ማደራጃ የሆኑትን አምስቱን «ማ»ዎች የማያውቅ ፋብሪካ ጥቂት ነው። የእናንተም ግድግዳ ላይ እንዳሉ አልጠራጠርም፤ ወለሉ ቢጫ መስመር ተሰምሮበታል፣ መፍቻዎቹ በየቅርጻቸው ተሰቅለዋል። ጥሩ ነው። እኔ ብዙ ቦታ ያየሁት ግን ሰሌዳው ቀድሞ ደርሶ ገመዱ መንገድ ላይ መቅረቱን ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ። የላኩልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፤ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ብልሽቱን ያደረሰው ሠራተኛ ስም፣ የተወሰደ እርምጃ፣ ፊርማ። እህቴ፣ ይህ የብልሽት መዝገብ አይደለም፤ የክስ መዝገብ ነው። ማሽኑ ምን ሆነ የሚል ዓምድ የለውም። ለምን ሆነ የሚልማ ጭራሽ። ሰው እዚህ ላይ ስሙን ጽፎ እንዲፈርም ሲጠየቅ ብዕሩ ቢደርቅበት ምን ይገርማል? የመጨረሻው የተሞላ መስመር ቀን ልጁ ከተቀጣበት ወር ጋር መግጠሙን እርስዎም ልብ ብለውት ይሆናል። መዝገቡ ባዶ የሆነው ብልሽት ስለጠፋ ቢሆን ኖሮ ሦስት ጊዜ ተመላሽ ባልመጣባችሁ ነበር።

ባዶ መዝገብ ሰውን እንዴት እንደሚያታልል የሚያሳይ ጥናት አለ። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ በሃርቫርድ ተማሪ ሳለች፣ ሆስፒታሎች ውስጥ በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶችን አጠናች። መልካም የሥራ ግንኙነት ያላቸው ክፍሎች ትንሽ ይሳሳታሉ ብላ ነበር የጠበቀችው። ቁጥሩ ሲመጣ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ የተሻሉት ክፍሎች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸዋል። ግራ ገባት። ጠለቅ ብላ ስታይ ግን የተሻሉት ክፍሎች ብዙ የሚሳሳቱ ሳይሆኑ ስህተታቸውን የሚናገሩ ሆነው ተገኙ። በሌሎቹ ክፍሎች ነርሶቹ ኃላፊያቸውን ስለሚፈሩ ስህተቱ መዝገብ ላይ ሳይወጣ በሽተኛው አልጋ ላይ ይቀር ነበር። ጥናቱ በ1996 እ.ኤ.አ. ታተመ። ይህን በደንብ ይያዙት፤ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሲነጋገሩ ያስፈልግዎታል፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

እኔም ከዚህ ነፃ ስላልሆንኩ የራሴን ልንገርዎ። ዛሬ የሰው ሀብት የሚባለው ክፍል «ፐርሶኔል» በሚባልበት ዘመን በአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ዝግጅት የሚመለከተኝ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት አንዲት ወጣት ሒሳብ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስሌት ላይ ስህተት አግኝታ ወረቀቷን ይዛ ገባች። ገና «እዚህ ጋ…» ስትል፣ እኔ ከያዝኩት ሥራ ቀና እንኳ ሳልል «ማነው የሠራው?» አልኳት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ልማድ ነው። ወረቀቷን ለሁለት አጠፈችና «ቆይ፣ እንደገና ልየው» ብላ ወጣች። አልተመለሰችም። ስህተቱን ያገኘው ከወራት በኋላ ኦዲተር ነው፤ የሠራችውም ራሷ ነበረች። ሁለት ቃል ነው ያወጣሁት። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ወረቀት ሲታጠፍ ያሰማው ድምፅ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም ሲሉኝ አምንዎታለሁ። ክፉ መሆን አያስፈልግም። እንደ እሳቸው ያሉ ትምህርት ቤት አንደኛ እየወጡ ያደጉ ሰዎች ላይ የማየው የራሱ ችግር አለ። ብዙ ስላልወደቁ፣ መውደቅ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አይለማመዱም፤ ጥፋት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታያቸው የሌላው ሰው ቸልተኝነት ነው። ሰኞ «አስተያየት ያለው?» የሚሉት ከልባቸው ሊሆን ይችላል። አዳራሹ የሚሰማው ግን «ሰሌዳው ላይ መለጠፍ የሚፈልግ አለ?» የሚል ነው። ደግሞ በአገራችን «ስብሰባ» እና «ግምገማ» የሚሉት ቃላት ራሳቸው ሸክም አለባቸው። ሂስና ግለ ሂስ ያየ ሰው፣ አባቱ ወይም እናቱ ስለዚያ ያወሩለት ሰው፣ ስብሰባ ውስጥ የተነገረ ነገር ማህደር ውስጥ እንደሚገባ ያውቃል። ስለዚህ ዝም አይነቅዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ክበብ ገብቶ ይተነፍሳል።

«ባህላችን ነው፣ ይሉኝታ ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚሉኝ አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እየተባልን ነው ያደግነው። ግን ያው ባህል ቅኔ ቤትን ሠርቷል። ተማሪው ቀን ሲቆጥር (ሲያዘጋጅ) የዋለውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ነገም ይዞ ይመጣል። ያልበሰለ ነገር ይዞ መቅረብ የየዕለት ሥራው ነው፤ የማይቀርብ ተማሪ ነው የሚያሳፍረው። ቅኔ ቤት ውስጥ የሚቻል ነገር ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ አይቻልም ያለን ማነው?

ወደ ተግባሩ ልግባ፤ ምን ሥልጠና ላምጣ ብለዋል። ምንም አያምጡ። ቢያንስ ለስድስት ወር በጀቱን ያቆዩት። አሁን አምስተኛ አሠልጣኝ ቢያመጡ ሠራተኛው የሚሰማው «ጥፋቱ ከእናንተ ጭንቅላት ነው» የሚል ብቻ ነው። «የአስተሳሰብ ለውጥ» የሚለው ርዕስማ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ስድብ ነው።

ከሁሉ በፊት የልጁን ፋይል ያውጡ። ማስጠንቀቂያውን ያረቀቀው የእርስዎ ክፍል እንጂ ሌላ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ከራስዎ ይጀምራሉ። ልጁን ለብቻው ያግኙት፤ ቢሮ ጠርተው ሳይሆን እሱ ካለበት ሄደው። «ያን ሌሊት ምን አይተህ ነው ያቆምከው?» ብለው ይጠይቁትና ዝም ይበሉ። መጀመሪያ «ኧረ ምንም» ይልዎታል። ይጠብቁት። የደመወዝ ቅጣቱንም ከሕግ አንጻር ይዩት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሲፈቀድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። የእናንተ ቅጣት ከዚህ ውጭ ከሆነ ጉዳዩ የሥነ ልቦና ብቻ አይደለም።

ልጁ ማሽኑን ያቆመው ስፌቱ ላልቶ ከሆነ ደብዳቤው መነሳት አለበት፤ የሚነሳውም በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ፣ በፈረመው ሰው ፊርማ ነው። በስውር ከማህደሩ ቢያወጡት ለልጁ ይጠቅመው ይሆናል፤ ሌላው ግን ምንም አይማርበትም።

ሥራ አስኪያጁን እንዴት እንደሚያነጋግሩ አስቤበታለሁ። «ሰው ይፈራዎታል» ብለው አይጀምሩ፤ ማንም ይህን ሰምቶ የተለወጠ አላየሁም፤ ሰውየው ቀጥሎ የሚጠይቁት «ማነው እንዲህ ያለው?» ብለው ነው። ይልቅ ወደ ሒሳብ ክፍል ይሂዱና የሦስቱን ተመላሾች ወጪ ያስወጡ፤ የተተካው ካርቶን፣ መኪናው፣ የተጣለው ብስኩት፣ ፊቱን ያዞረ አከፋፋይ ካለ እሱም። ጎን ለጎን የአርባ ደቂቃውን ምርት ዋጋ ያስቀምጡ። መሐንዲስ ናቸው፤ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ሲያዩ ሦስተኛውን ራሳቸው ያወጡታል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይለምኗቸው፤ በሚቀጥለው ሰኞ «አስተያየት ያለው?» ከማለታቸው በፊት የራሳቸውን አንድ ስህተት እንዲናገሩ። ትልቅ መሆን የለበትም። «ያን ጥቅል ፕላስቲክ ሳላስፈትሽ አስገብቻለሁ» ቢሉ ይበቃል። ያን ዕለት የሚናገር ሰው ባይገኝም አይደንግጡ። በሦስተኛው ሰኞ አንድ ሰው ትንሽ ነገር ያነሳል፤ ሁሉም የሚያየው የእሱን አፍ ሳይሆን የሥራ አስኪያጁን ፊት ነው።

«እንዲህ ከሆነማ ሥነ ሥርዓት ይጠፋል» ማለታቸው አይቀርም። ተገቢ ስጋት ነው፤ ሁሉም ይማር፣ ማንም አይጠየቅ እያልኩ አይደለም። ጠጥቶ የገባ፣ የማሽን መከላከያ አውቆ የፈታ፣ ዱቄት የሰረቀ በደንቡ ይጠየቃል። ጉዳዩ እነዚህን እና ሊያስተካክል ሲሞክር የተሳሳተውን አንድ ቋት ውስጥ አለመክተት ነው። አውሮፕላን የሚያበሩት ሰዎች ይህን በሚገባ ለይተውታል። አሜሪካ ውስጥ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች ስህተታቸውን በምሥጢር የሚያሳውቁበት ሥርዓት አለ። ሪፖርቱን የሚቀበለው የሚቀጣው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የጠፈር ምርምሩ ናሳ ነው። መጀመሪያ የሚቀጣው ክፍል ራሱ ሊሰበስብ ሞክሮ ሰው ስላላመነው ነው ለናሳ የተሰጠው። ሆን ብሎ ያላጠፋና ወንጀል ወይም አደጋ ያልፈጸመ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ካሳወቀ ጥፋት ቢገኝበትም አብዛኛውን ጊዜ ከቅጣቱ ይታለፋል። የሚሰማው ጆሮና የሚቀጣው እጅ የአንድ ሰው አይደሉም።

እናንተ ጋ ሁለቱም የእርስዎ ክፍል ናቸው። ይህ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚጽፈውም፣ የብልሽት መዝገብ የሚሰበስበውም፣ «ለሥልጠና ምን ይጎድልሃል?» ብሎ የሚጠይቀውም አንድ ቢሮ ነው። መዝገቡን ለጥራት ክፍል ወይም ለጥገና ያስረክቡ። የስም ዓምዱን ያውጡና በምትኩ «ምን ታየ?» እና «ምን ሞከርን?» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ያስገቡ። ፊርማም አያስፈልግም። የአስተያየት ሣጥን ልስቀል እንዳይሉኝ ብቻ፤ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቁልፉ የጠፋ ሣጥን ስንት አይቻለሁ።

ሌላው ርካሽ ነገር የፈረቃ ርክክብ ነው። አሁን እንዴት እንደምትረካከቡ አልነገሩኝም፤ ብዙ ቦታ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲገባ በር ላይ ነው የሚተላለፉት። ዐሥር ደቂቃ ይስጧቸው፤ የምትከፈል ዐሥር ደቂቃ፤ ማሽኑ አጠገብ ቆመው፣ ያለ አለቃ። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ዛሬ ምን አስቸገረህ?» የሌሊቱ ለቀኑ፣ የቀኑ ለሌሊቱ።

የሆስፒታሉን ጥናት ይያዙት ያልኩዎት እዚህ ጋ ነው። ይህ ሁሉ መሥራት ከጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት መዝገቡ ይሞላል። ብልሽት የበዛ ይመስላል። የማኔጅመንት ስብሰባ ላይ አንድ ሰው «ነፃነት ስንሰጥ ጥፋት በዛ» ይላል፤ ይህን ከአሁኑ ይጠብቁት። ስለዚህ ገና ሳይጀመር ለሥራ አስኪያጁ «ቁጥሩ ይጨምራል፤ ሲጨምር ደስ ይበልዎት፤ የምናየው ተመላሹን ነው» ብለው ያስጠንቅቋቸው። አስቀድሞ የተነገረ ቁጥር አያስደነግጥም።

እሳቸው እምቢ ካሉስ? ሊሆን ይችላል፤ አላባብልዎትም። ያኔ አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ሊከላከሉለት የማይችሉትን ሰው «ተናገር» አይበሉት። እርስዎን አምኖ የሚናገር ሁለተኛ ልጅ ቢቀጣ ያ ፋብሪካ ለዐሥር ዓመት አፉን ይዘጋል። በእጅዎ ያለውን ብቻ ያድርጉ፤ በራስዎ ክፍል ውስጥ ካሉት አራት አምስት ሰዎች ጋር ይጀምሩ፤ የመዝገቡ ቅጽም የእርስዎ ስለሆነ ማንንም ሳያስፈቅዱ ሊለውጡት ይችላሉ። ቅጣት ለማርቀቅ ሲታዘዙም «ለምን እንዳደረገው ተጠይቋል?» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩና ባዶውን ለፊርማ ያቅርቡት። ባዶ መስመር ላይ መፈረም ለሥራ አስኪያጅም ይከብዳል።

ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ግን፣ ከቻሉ በዚሁ ሳምንት፣ አንድ ሌሊት ሁለተኛው ላይን ዘንድ ይሂዱ። ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው፤ ፎርማኑ ራት የሚወጣበት ሰዓት ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ማስታወሻ ደብተር አይያዙ፤ ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉት። ፕላስተሯን ማን እንደለጠፋት አይጠይቁ። ወደ ኦፕሬተሩ ጠጋ ብለው «እስቲ እኔንም አሳየኝ፣ መብራት ሲያስቸግር እስከ የት ነው የምታዞረው?» ይበሉት። የሚልዎትን ይጻፉልኝ።